ውኃው የሚቀድምበት ፊልም

«ትሞታለች» አለች ትህትና።

አስካለች ጎደሬ እየላጠች ነበር። ቢላዋዋን አቆመች። «ማን ናት የምትሞተው?»

«ሴትዮዋ። የፊልሙ ሴትዮ። መጨረሻ ላይ ውኃ ውስጥ ትገባለች፤ አትወጣም።»

አስካለች ሳቀች። «ልጄ፣ ውኃው እኮ መጀመሪያ ላይ ነው። ትገባለች፣ ትወጣለች፣ ከዚያ ሙሽራ ትሆናለች። አንቺ ተገልብጦብሽ ነው ያየሽው።»

«እማማ አስኩ፣ የተገለበጠውስ የእናንተ ነው» አለች ትህትና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ቢላዋው ከአስካለች እጅ ወርዶ ከጎደሬው ልጣጭ መሃል ወደቀ። አላነሳችውም። ከሰባ ዓመት በላይ ኖራለች፤ ንጉሥ ሲወርድ አይታለች፣ ደርግ ሲመጣና ሲሄድ አይታለች፣ ባሏን ቀብራለች። እንዲህ ያለ ድንጋጤ ግን አታስታውስም። አንድ ሰው መጥቶ «እናትሽ ያልሻት እናትሽ አይደለችም» ያላት ያህል ነበር።

ነገሩ እንዲገባን ከአስካለች ድምፅ መጀመር አለብን፤ ሁሉም ነገር የመጣው ከእሱ ነውና።

አስካለች የተወለደችው ሻንቶ አጠገብ ነው። ስድስተኛ ክፍል ስትደርስ አባቷ ስለሞተ ትምህርቷን ትታ ሶዶ ከተማ፣ ኦቶና መጣች፤ ሆስፒታሉ ውስጥ አንሶላ አጣቢ ሆነች። ከልብስ ማጠቢያው ጓሮ ሆና ጓደኞቿን ስትጣራ ድምፅዋ እስከ ዋናው በር ይሰማ ነበር። በዚያን ጊዜ በየገበያው እየዞረ ስለ ዝንብ፣ ስለ እጅ መታጠብና ስለ ሕፃናት ክትባት የሚያስተምር አንድ የጤና ቡድን ነበር። ቡድኑ አንዲት የውጭ አገር ነርስ፣ መኪና የሚነዳና ፕሮጀክተር የሚያንቀሳቅስ ደገፉ የሚባል ሰው፣ እና አንድ ሞተር ነበረው። ያልነበረው ድምፅ ነው። ነርሷ አማርኛዋ ስብርብር፣ ወላይትኛዋ «ሳሮ» ብሎ ሰላም ከማለት የማያልፍ ነበር። አንድ ቀን አስካለች ከጓሮው ስትጣራ ሰማቻትና ለደገፉ «ያቺን ልጅ አምጣልኝ» አለችው።

አስካለች ከአንሶላ ወጥታ አንሶላ ላይ ገባች ማለት ይቻላል፤ ፊልሙ የሚታየው በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል በተወጠረ ነጭ አንሶላ ላይ ነበርና። እሷ ከጎኑ ትቆማለች። የዝንቡ ፊልም ሲመጣ የዝንቡን ነገር በወላይትኛ ትናገራለች። ሰዉ ይስቃል፣ ይጸየፋል፣ በማግስቱ እጁን ይታጠባል።

አንድ ዓመት ከባሕር ማዶ በእርዳታ የመጣ አንድ ሳጥን ደረሰ። ሲከፈት በውስጡ አራት ትልልቅና አንድ ትንሽ የፊልም ጥቅል ተገኘ፤ እያንዳንዱ በክብ ቆርቆሮ ተከድኗል። ቆርቆሮዎቹ ላይ የነበረው ቁጥር በመንገድ በዝናብ ታጥቦ ጠፍቷል። ፊልሙ ድምፅ የለውም። በየመሃሉ የሚመጣው ጽሑፍ ደግሞ ነርሷ እንኳን በማታውቀው ቋንቋ ነው።

«የትኛውን ላስቀድም?» አለ ደገፉ።

መልሱ ለሁለቱም ግልጽ ነበር። በዚያ ቡድን አሠራር ሁልጊዜ የሚቀድመው ትንሹ ጥቅል ነው፤ የዝንቡ ፊልም ትንሽ ናት፣ ትቀድማለች፤ ትልቁ ይከተላል። ሌላ አገር ያለ ሰው ምናልባት ጥቅሎቹን በብርሃን ፊት ይዞ ይመረምራቸው ነበር። የሶዶ ሰዎች ግን ልማዳቸውን ያውቃሉ። ደገፉ ትንሿን ጥቅል አስቀደመ፤ ፊልሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ በወላይታ ምድር ሁሉ እንዲያ ሆኖ ቀረ።

አንሶላው ላይ መጀመሪያ የታየው እንዲህ ነው። አንዲት ጠጉሯ የሸበተ ሴት በባቡር ጣቢያ አንድ ወጣት አቅፋለች። ወጣቱ ከእቅፏ ይወጣል፣ ፊቱን ያዞራል፣ ባቡር ላይ ይሳፈራል። ሴትዮዋ ብቻዋን ትሄዳለች፤ ከአንድ ወፍጮ ቤት አጠገብ ካለ ኩሬ ትደርሳለች፤ በቀስታ ትገባበታለች። ከዚያ ውኃ ብቻ ይቀራል። ማንም የለበትም። ውኃው እየተንቀሳቀሰ፣ እየተንቀሳቀሰ፣ ቀስ በቀስ ይረጋል። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ቃል ብቻውን ብቅ ይላል።

አስካለች ቃሉን ማንበብ አልቻለችም። ነገር ግን ትንሿ ጥቅል አልቃ ትልቁ ሊቀጥል ስለሆነ በሙሉ ድምፅዋ «ተጀመረ!» ብላ ጮኸች።

ቀጣዩ ጥቅል ሲበራ ያቺው ሴት ወጣት ሆና፣ ነጭ ለብሳ፣ ከወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ስትደርስ ታየች። ሙሽራ ናት። ጠጉሯ ጥቁር ነው።

እዚህ ላይ አስካለች ምን ማለት ነበረባት? ሕዝቡ እያያት ነው። ሽበታም ሆና ውኃ ውስጥ ገባች፤ ወጣት ሆና ወጣች። በዚያ ገበያ ከተሰበሰበው ሰው ግማሹ ወንዝ ገብቶ የተጠመቀ ክርስቲያን ነው። አስካለች ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። «አሮጌዋ ሴት በውኃው ቀረች! አዲሲቱ ወጣች!» አለች። ሽማግሌዎቹ «አሜን» አሉ።

የቀረው በቀላሉ ሄደ። ሙሽራዋ ልጅ ወለደች። ባሏ ሞተ። አማቷ ልጁን ነጥቃ እሷን አባረረቻት። ከተማ ሄዳ የሰው ልብስ እያጠበች ዘመን አሳለፈች፤ በዚህ ቦታ ራሷ አጣቢ የነበረችው አስካለች ድምፅዋ ይሰበር ነበር። ጠጉሯ ሸበተ። በመጨረሻ ልጇ በባቡር ሊሄድ መሆኑን ሰማች፤ ሮጠች፤ ጣቢያው ላይ አገኘችው፤ አቀፈችው። ጥቅሉ እዚያ ያልቃል። ሕዝቡ እልል ይላል።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። መጀመሪያ ላይ ከእቅፏ የወጣው ወጣትና መጨረሻ ላይ ያቀፈችው ልጇ አንድ ሰው ናቸው፤ ኮታቸው እንኳን አንድ ነው። በሁምቦ ገበያ አንድ ጎረምሳ ይህንን አስተውሎ «ይሄ እኮ ያ ነው!» ብሎ ጮኸ።

አስካለች ዘወር ሳትል መለሰችለት። «ያኛው ወንድሟ ነው። ልጅ አጎቱን ይመስላል ሲባል አልሰማህም?»

«ኮቱስ?»

«አጎቱ አወረሰው! አንተ ከአጎትህ ምንም አልወረስክምና አታውቀውም!»

ገበያው በሳቅ ተናጋ። ጎረምሳው ወልደመስቀል ይባላል። ከዚያ በኋላ ፊልሙ በሄደበት ሁሉ እየተከተለ ከፊት የሚቀመጥ፣ ያ ትልቅ ቃል ሲመጣም ከአስካለች ቀድሞ «ተጀመረ!» የሚል እሱ ሆነ። የውኃዋ ሴትዮ የማያውቃት ሰው በአካባቢው ጠፋ።

ከዚያ አብዮት መጣ። ነርሷ ወደ አገሯ ሄደች፣ መኪናው ተወሰደ፣ ሳጥኑ የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። አስካለች ወደ አንሶላዎቿ ተመለሰች፤ አገባች፣ ወለደች፣ ጡረታ ወጣች። ፊልሙ ግን አልቆመም፤ በአፏ ቀጠለ። ልጁ የታመመበት፣ ልጁ ለጦርነት የታፈሰበት ሰው እሷ ዘንድ ይመጣና «እስቲ የውኃዋን ሴትዮ ንገሪን» ይላታል። እሷም ትናገራለች፤ መጨረሻው ሁልጊዜ ጣቢያው ነው፤ መጨረሻው ሁልጊዜ እቅፍ ነው።

አሁን ወደ ትህትና እንመለስ። ትህትና የደሴ ልጅ ናት፤ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ቲያትርና ፊልም ታስተምራለች። በቅርቡ ህብረት የምትባል የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ዕቃ ቤት ስታጸዳ ከድሮ የመዘምራን ልብስ ሥር አንድ ሳጥን አገኘች። ክዳኑን ስትከፍተው አቼቶ አቼቶ ሸተታት፤ ሰላጣ የተበላሸ መስሏት አፍንጫዋን ያዘች። የድሮ ፊልም ሲያረጅ የሚሸተው እንደዚያ ነው፤ የተሠራበት ቁስ ቀስ እያለ እየኮመጠጠ ይሞታል። ህብረት ይህን አታውቅም፤ ግን የምታውቅ ሰው ታውቃለችና ለትህትና ደወለች።

ትህትና ጥቅሎቹን ይህን ዓይነት ሥራ ወደሚሠራ ባሕር ማዶ ያለ የፊልም ማኅደር ላከች። እዚያ ያሉ ሰዎች አጠቡት፣ አደረቁት፣ ምስል በምስል ወደ ኮምፒውተር ገለበጡት። ከዚያ በቪዲዮ ደወሉላት። ስክሪኑ ላይ አንድ ሽማግሌ ዓይኑን በመሐረብ ይጠርግ ነበር። ሌሎቹም እርስ በርስ ይተያዩ ነበር።

ይህንን ሁሉ ትህትና ከጎደሬው ልጣጭ ፊት ተቀምጣ ለአስካለች ታስረዳት ጀመር፤ ስትናገር እጆቿ አያርፉም።

«እማማ አስኩ፣ ከመቶ ዓመት በፊት ሲኒማ ማለት ሁሉም እንዲህ ነበር፤ ድምፅ የሌለው። አዳራሹ ግን ዝም አይልም። ፒያኖ የሚመታ አለ። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ልክ እንደ እርስዎ ከመጋረጃው ጎን ቆመው ታሪኩን የሚተርኩ ሰዎች ነበሩ፤ ቤንሺ ይባላሉ። አንዳንዶቹ ከተዋንያኑ በላይ ዝነኛ ነበሩ!»

«ታዲያ እኔን ማን አስተማረኝ?» አለች አስካለች፤ ሳታስበው ደስ ብሏት።

«ማንም። እሱ ነው የሚገርመው። ከዚያ ድምፅ ያለው ፊልም መጣ፤ አሮጌውን የሚፈልግ ጠፋ። የተሠራበት ነገር እሳት በቀላሉ ይይዘዋል፤ ስንት መጋዘን ነደደ። ያልነደደውን ኩባንያዎቹ ራሳቸው ውስጡ ያለውን የብር ማዕድን ለማውጣት አቀለጡት። አብዛኛው ዛሬ የለም። እናንተ ዘንድ የመጣው ለትምህርት ቤትና ለቤተ ክርስቲያን ተብሎ እሳት በማይፈጥንበት ነገር የተገለበጠ ትንሽ ቅጂ ነው። ለዚህ ነው የተረፈው። በዓለም ላይ ሌላ የለም። የቀረ አንድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ ጣቢያው ላይ ስታቅፈው። እኔ ተማሪ ሆኜ ስለዚህ ፊልም አንድ አንቀጽ አንብቤአለሁ። ስሙ «የወፍጮ ቤቱ ምራት» ነው። እና ምን ይላል መሰልዎት? በዚያ ዘመን ማንም ያልደፈረውን አደረገ ይላል። መጨረሻ ላይ ሰው የሌለበትን ውኃ ብቻ ለረጅም ጊዜ አሳየ። ተመልካቹ ተቆጣ፤ ወንበር የሰበረም ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡ ፊልም ሠሪዎች ባዶ ቦታ ማሳየትን የተማሩት ከዚህ ነው ይባላል። ግን ያየው በሕይወት ያለ ሰው አልነበረም። በሶዶ ካልሆነ በቀር!»

ያን ጊዜ ነው «ትሞታለች» ያለችው።

አስካለች ቢላዋዋን ትታ ልጣጩን በእጇ ሰበሰበች። ከዚያ «ወንድሟስ?» አለች።

«ወንድም የላትም። ልጇ ነው። አገኘችው፣ አቀፈችው፤ እሱ ግን አላወቃትም። ገፍቷት ሄደ።»

«ያ ትልቁ ቃልስ? ‹ተጀመረ› የሚለው?»

«‹ተፈጸመ› ነው የሚለው።»

አስካለች ሁለት እጇን በራሷ ላይ ጫነች።

ትህትና የመጣችው ግን ይህንን ለማርዳት አልነበረም፤ አስካለች የማታውቅ አልመሰላትም ነበር። የመጣችው ለመጋበዝ ነው። ፊልሙ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ከመቶ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክለኛ ቅደም ተከተሉ ይታያል፤ ከባሕር ማዶም እንግዶች ይመጣሉ፤ አስካለችም እንደ ድሮው ከጎኑ ቆማ በወላይትኛ እንድትተርክ ትፈልጋለች።

«አልችልም» አለች አስካለች። «ጥሩወርቅ ትመጣለች።»

ጥሩወርቅ የአጥር ጎረቤቷ ናት። ልጇ ሚልክያስ እንደ ብዙ የአካባቢው ወጣቶች በኬንያ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ወጣ። ከአንድ ጠረፍ ሆኖ ደወለ፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ጠፋ። ዓመታት አለፉ። አብረውት የወጡት ደርሰው ሱቅ ከፍተዋል፤ ስለ እሱ ሲጠየቁ ወሬ ይለውጣሉ። የባሏ ወንድም በቃ ብሏል፤ የሞተ ሰው ለቅሶ ሳይቀመጡለት መቅረት ነውር ነው፣ ድንኳን ይተከል፣ እርም ይውጣ። የባሏ ወንድም ማን ነው? ያው ወልደመስቀል ነው፤ ጎረምሳው ሽማግሌ ሆኗል፣ የዕድር ዳኛም ሆኗል።

ጥሩወርቅ እንቢ አለች። ለምን እንቢ እንዳለች ሲጠይቋት የምትመልሰው አንድ ነገር ነው። «የውኃዋ ሴትዮ ጠጉሯ እስኪሸብት ጠብቃ አግኝታዋለች። የእኔ ገና መች ሸበተ?»

ወልደመስቀል በመጨረሻ ቀን ቆርጧል። ድንኳኑ የሚተከለው ፊልሙ ከሚታይበት ሳምንት ቀጥሎ ባለው ነው።

«የእኛን አድርገሽ አሳዪው» አለች አስካለች። «ትንሿን አስቀድሚ። ማን ያውቅብሻል?»

ትህትና ከመቀመጫዋ ተነሥታ ተመልሳ ተቀመጠች። ፊቷ ላይ የሚታየው ትግል እውነተኛ ነበር። «እማማ፣ ይህንን የሠራው ሰው ሞቷል፣ የተጫወቱት ሁሉ ሞተዋል። እንደሠሩት የሚታይላቸው ይህች አንድ ቀን ናት። እንዴት ብዬ እገለብጥባቸዋለሁ?»

አስካለችም ይህንን ሰማች። ራሷን በመጋረጃው ውስጥ ባለችው ሴት ቦታ አኖረችና ተዋናይዋ ውኃው ስንት ጊዜ እንዳንቀጠቀጣት አሰበች።

በማግስቱ ሌላ ዘዴ ሞከረች። ጥሩወርቅን በአጥሩ በኩል ጠራቻት።

«አዳራሹ ይበርዳል አሉ። ወገብሽን ያምሻል።»

«ጋቢ እደርባለሁ።»

«ፈረንጆች ብቻ ናቸው የሚገቡት።»

«ፈረንጅ እየተመለከተ ወላይታ ሲከለከል? በደጅ ቆሜ እጮሃለሁ፤ ድምፅ ያለሽ አንቺ ብቻ መሰልሽ?»

«ፊልሙ አርጅቷል ጥሩዬ። በደንብ አይታይም።»

ጥሩወርቅ በአጥሩ ላይ ተደግፋ አየቻት። የበርበሬ ዳጣ የምትፈጭበት ድንጋይ እጇን አቅልቶታል። «አስኩ፣ አንቺ ውሸት ስትናገሪ አንገትሽን ታክኪያለሽ። ምን ደበቅሽኝ?»

አስካለች እጇን ከአንገቷ ላይ አወረደች። «ምንም።»

«እንግዲያው እመጣለሁ። ከፊት ነው የምቀመጠው።»

ያን ጊዜ አስካለች አንድ ነገር ወሰነች። ጥሩወርቅ እውነቱን የምትሰማው ከሆነ ከባዕድ ሰው ሳይሆን ከእሷ አፍ ትስማው። ለትህትና ደውላ «እቆማለሁ» አለቻት።

በቀኑ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከሻንቶ በሚኒባስ የመጡ ነበሩ፣ ከሁምቦ ሳይቀር የመጡ ሽማግሌዎች ነበሩ። እንግዶቹ በአንድ ወገን ተቀምጠው የወላይታ ሽማግሌዎች ይህንን ፊልም እንደ ዘመድ በስም እየጠሩ ሲያወሩ እያዩ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ጥሩወርቅ ከፊት ነች። ከጎኗ ወልደመስቀል በትሩን በጉልበቱ መካከል አቁሟል።

መብራት ጠፋ። አስካለች ድምፅ ማጉያ ሲሰጧት እንደ በቆሎ እሸት ጨብጣ ያዘችው። መጋረጃው ላይ ነጭ የለበሰችው ሙሽራ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ደረሰች።

አዳራሹ ተንጫጫ።

«አስካለች!» አለ ወልደመስቀል ተነሥቶ፤ ሽምግልናውም ዳኝነቱም ጠፍቶበታል። «ውኃው የታለ? ማስጀመሪያውን ዘለላችሁት!»

«ቁጭ በል» አለችው። «ዛሬ የምነግራችሁ ፈረንጆቹ እንደሠሩት ነው።»

«ምን ያውቁና!» አለ አንድ ሰው ከኋላ፤ ሳቅ ሆነ።

ተረከች። ድምፅዋ የድሮ መንገዱን አገኘ። ልጁ ተወለደ፣ ባል ሞተ፣ አማት ነጠቀች። ልብስ ማጠቢያው ጋ ሲደርስ ድምፅዋ እንደ ድሮው ተሰበረ። የሴትዮዋ ጠጉር ሸበተ። ጣቢያው መጣ። ሴትዮዋ ሮጠች፤ አቀፈችው።

አዳራሹ እልል አለ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እያጣፉ ተነሡ፤ በእነሱ አቆጣጠር ፊልሙ አልቋል። ጥሩወርቅ ወደ ወልደመስቀል ዘወር ብላ «አየህ?» አለችው።

መጋረጃው ግን አልጠፋም። ከተነሡት አንዳንዶቹ ግማሽ ቆመው ቀሩ። ያው ጣቢያ፣ ያው እቅፍ፤ ወጣቱ ከእቅፉ መውጣት ጀመረ። ሰዉ ይህንን ትዕይንት ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ግን በዚህ ቦታ አይቶት አያውቅም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባቸው። አንዲት አሮጊት «ውይ» አለች፤ ራሷ እንኳን የሰማችው አልመሰለም።

አስካለች ድምፅ ማጉያውን አፏ ላይ አስጠጋች። «ወንድሟ ነው» የሚለው የድሮ ቃል ምላሷ ላይ ነበር። አላለችውም።

«ልጇ ነው» አለች። «አላወቃትም።»

ወጣቱ በባቡር ሄደ። ሴትዮዋ ወደ ውኃው ሄደች። አስካለች ከዚህ በላይ የምትለው አልነበራትም፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንሶላ ጎን ቆማ ዝም አለች። ውኃው ብቻውን ቀረ። ከመቶ ዓመት በፊት ተመልካቹን ያስቆጣው ያ ባዶ ውኃ፣ እንግዶቹ ከባሕር ማዶ ሊያዩት የመጡት ውኃ፣ በሶዶ አዳራሽ እየተንቀሳቀሰ፣ እየተንቀሳቀሰ ነበር። አስካለች ወደ መጋረጃው አታይም፤ ጥሩወርቅን ታያለች።

ጥሩወርቅ ተነሣች። ጋቢዋ ከትከሻዋ ወረደ።

«አላወቃትም አልሽ እንጂ» አለች በዚያ ጸጥታ መሃል፣ «አልተገኘም አላልሽም።»

ወደ አስካለች አንድ እርምጃ ተራመደች።

«የእኔም ይምጣና አይወቀኝ! ይግፋኝ! እኔ እንደሆንኩ ውኃ አልገባም፤ በሬ ላይ ቁጭ ብዬ እንደገና እነግረዋለሁ። መጀመሪያ ግን ይምጣ!»

ውኃው ረጋ። ትልቁ ቃል መጣ።

የሆነው የሆነው በዚህ ጊዜ ነው። ወልደመስቀል የዕድር ዳኛ ነው፤ ድንኳን ያዘዘ፣ ቀን የቆረጠ ሰው ነው። ነገር ግን ያ ቃል ሲመጣ አፉ ከራሱ ቀድሞ ተከፈተ፤ ጎረምሳ ሆኖ በሁምቦ ገበያ እንደሚጮኸው «ተጀመረ!» ብሎ ጮኸ። ሽማግሌዎቹም ሁሉ ሳያስቡት ከኋላው ተቀበሉት፤ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ተጀመረ!» አለ። ከዚያ ግማሽ ቆመው የነበሩት ሁሉ ተቀመጡ።

ወልደመስቀል ያለው ነገር ሲገባው እጁን አፉ ላይ ጫነ። ዘግይቶ ነበር።

«ሰማችሁ?» አለች ጥሩወርቅ ወደ ሕዝቡ ዞራ። «ራሱ ነው ያለው! እኔ አላልኩም፤ ከእርሱ አፍ ነው የወጣው! በተጀመረ ነገር ድንኳን ይተከላል?»

ወልደመስቀል በትሩን አየ፣ ወለሉን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ። ሽማግሌዎቹ ወደ እሱ አይመለከቱም፤ ወደ መጋረጃው ነው። ሲስቅ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ወይም ሲያለቅስ ነበር፤ በጨለማው አይለይም። «ለባለድንኳኑ ‹ይቅር› ብዬ እደውላለሁ» አለ።

መብራት በራ። እንግዶቹ ለማጨብጨብ እጃቸውን አነሡ፤ ሕዝቡ ግን አንድም ሰው ከመቀመጫው አልተንቀሳቀሰም። ትህትና ግራ ገብቷት በኮምፒውተሩ አጠገብ ቆማ ወደ አስካለች አየች።

«እማማ፣ ምንድን ነው የሚጠብቁት? አለቀ እኮ።»

«ወፍጮ ቤቱን ነው» አለች አስካለች። «ከውኃው ቀጥሎ ቤቱ ነው የሚመጣው።»

ትህትና ሽማግሌዎቹን አየች፣ ከዚያም እንግዶቹን። የፊልም ማኅደሩ ሽማግሌ መሐረቡን አውጥቶ ነበር፤ የተባለው ሳይተረጎምለት ራሱን ነቀነቀላት። ፊልሙን ከመጀመሪያው አስነሥታ መብራቱን አጠፋችው።

ነጭ የለበሰችው ሙሽራ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ደረሰች፤ ጠጉሯ ጥቁር ነው፣ ልብሷ ደረቅ ነው። አስካለች ድምፅ ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ለዚህኛው አያስፈልጋትም።